የእሑድ አስር ሰዓት ሽማግሌዎች

ስለ ቴሌቪዥን ጥቅምና ጉዳት በየስብሰባው ብዙ ተብሏል። ስለ እኔ ቴሌቪዥን ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ ያለ የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ በራሴ ተነሳሽነት ብዕሬን አንስቻለሁ። ጽሑፉ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንዲት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅና ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች በአንድ ታላቅ አባት ጥበብ እንዴት እንደተመሩ ያትታል። ታላቁ አባት እኔ ነኝ።

አግማስ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ አገልግያለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ፋይል አልጠፋብኝም፤ እውነቱን ለመናገር አንድም ፋይል አላለቀልኝም። ባለጉዳይ ሲመጣ መነጽሬን አፍንጫዬ ጫፍ ላይ አውርጄ ማመልከቻውን ከላይ እስከ ታች አነብና፣ “መልካም፤ ብቻ ጉዳዩ ይደር” እለዋለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? በእኔ ዘመን አፍሶ የለቀመ የለም፤ የሚፈስ ነገር ከመደርደሪያው አልወጣማ! ሕዝቡም “አቶ ይደር” የሚል ስም አወጣልኝ። ስሙን በፍቅር እንዳወጡልኝ ቆጥሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ተደስቼበት ኖሬያለሁ።

ጡረታ ስወጣ ጋቢ አለበሱኝ፣ አጨበጨቡ፣ በማግስቱ ጠረጴዛዬን ለሌላ ሰው ሰጡት። ሥልጣን የለመደ እጅ ግን ባዶውን አይቀመጥም፤ ሪሞት ያዝኩ። የቤታችን ሪሞት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በፌስታል እንደተጠቀለለ ነው፤ ቁጥሮቹ ከውጭ አይነበቡም፤ እኔ ግን በዳበሳ አውቃቸዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለቤቴ ሰርካዲስ በእጇ የሠራችው ዳንቴል ተነጥፏል። ዳንቴሉን የመግለጥ፣ ጣቢያ የመምረጥ፣ ድምፅ የመጨመርና የመቀነስ ሥልጣን ተጠቃሎ ለቤቱ አባወራ እንዲሆን ወስኛለሁ። ተቃውሞ አልቀረበም፤ ያዳመጠም አልነበረም።

ድሮማ ሳሎናችን ሸንጎ ነበር። እኛ የምንኖረው ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ በሰፈሩ መጀመሪያ ቴሌቪዥን የገዛነው እኛ ስለሆንን ጎረቤቱ ሁሉ መቀመጫ ዱካውን እየያዘ ይገባል። ልብስ ሰፊው ሙዓዊያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይመጣል። ሽንኩርት የምትሸጠው የኔነሽ ሚዛኗን ታቅፋ ትመጣለች። ዜና አንባቢው “ጤና ይስጥልኝ” ሲል ከፊላችን “እግዚአብሔር ይመስገን”፣ ከፊላችን “አልሐምዱሊላህ” ብለን እንመልስለት ነበር፤ ሰላምታ አይናቅማ። ቀስ በቀስ ግን ሁሉም የየራሱን ገዛ፤ ዲሽ ያልተተከለበት ጣሪያ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ስልክ መጣና ቴሌቪዥኖቹም ዳንቴላቸውን እንደለበሱ ቀሩ።

አሁን እኛ ቤት ሦስት ሰዎች ነን። ሰርካዲስ ስብከቷን በስልኳ ታያለች። ልጄ ጽናት ፋርማሲ ውላ ትመጣና የምታየውን በስልኳ ታያለች። ሁለቱም ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነዋል። እኔ ሪሞቴን እንደ በትረ መንግሥት ይዤ፣ “ምን ልክፈትላችሁ?” ስል የሚመልስልኝ የለም።

“አባዬ፣ እኛ እኮ የፈለግነውን በፈለግነው ሰዓት ነው የምናየው” አለችኝ ጽናት አንድ ቀን፣ አንዱን ጆሮዋን ከፍታ።

“በፈለጉት ሰዓት የሚታይ ነገር ምን ክብር አለው?” አልኳት። “ሰው ሰዓቱን ጠብቆ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው የሚያየው። አብሮ ካልሳቀ፣ አብሮ ካላለቀሰ ምኑን አየው?”

“እሺ” አለችና ጆሮዋን መልሳ ደፈነችው።

የቀረችኝ ነርሚን ብቻ ነበረች። ነርሚን ማለት እሑድ ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ሁለት ክፍል ተከታትሎ የሚተላለፍ፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ ድራማ ውስጥ ያለች ሸጋ ልጅ ናት። ታሪቅ የሚባል መካኒክ ትወዳለች። ታሪቅም ይወዳታል። አባቷ ግን ዛሬ ነገ እያለ እሺም እምቢም ሳይል ልጅቷን አስሮ ያስቀመጠ፣ ልቡ የደነደነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አባት አይቼም አላውቅ።

እንግዲህ በጥር የመጀመሪያው እሑድ ከኮምቦልቻ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ጽናትና ወንድምአገኘሁ የተባለ ልጅ ከተዋወቁ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጁ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነው። ሽማግሌ እንደሚልክ ሰርካዲስ ከወር በፊት ሹክ ብላኝ ነበር። ወጉ እንደሚያዘው በማለዳ ሊመጡ ተነሥተው፣ የሐረጎ ዳገት ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈንድቶ፣ ሌላ ጎማ እስኪመጣ መንገድ ላይ ውለው፣ እኛ ቤት የደረሱት አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔም ዳንቴሉን ገልጬ ተቀምጫለሁ።

መሪያቸው ሐጂ ጀላል ናቸው፤ የወንድምአገኘሁ ቤተሰብ የአርባ ዓመት ጎረቤት፣ ልጁን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ። ከእሳቸው ቀጥሎ መሪጌታ ሸዋዓለም፣ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ። ሦስተኛው ጋሽ ብሩ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር፣ እንባቸው ቅርብ የሆነ ሰው። የኮምቦልቻ ሰዎች ስለሆኑ የደሴ ብርድ አንቀጥቅጧቸው በራችን ላይ ተደርድረው ቆሙ።

“ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!” አልኳቸው።

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ሐጂ ጀላል፣ ምርኩዛቸውን ተክለው። “ልጅዎን ጽናትን ለልጃችን ለወንድምአገኘሁ ብለን…”

በዚህ ቅጽበት የድራማው ሙዚቃ ጀመረ። ነርሚን መስኮት ይዛ ስታለቅስ ወጣች።

ሐጂ ዐይናቸውን ወደዚያ ጣል አደረጉ። “ብለን… ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?”

“አባቷ ለሚወዳት ልጅ አልሰጥም ብሎ ነው።”

“አላህ ይዘንላት! ወዳው ነው?”

“ሞታለት ነው።”

“ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!” አሉ መሪጌታ። ጋሽ ብሩ ሳያስቡት ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው።

ሁለት ክፍል አብረን አየን። ጽናት ሻይና ቆሎ አቀረበች፤ ሐጂም መሪጌታም አብረው ቆረጠሙ። ሳቅን። ጋሽ ብሩ አለቀሱ። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሎኔ ውስጥ ሰው፣ “ኧረ ተዪው! ኧረ በሩን አትክፈቺለት!” እያለ ሲጮኽ ሰማሁ። ደስታዬን በቃላት ልገልጸው አልችልም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ሲያልቅ ሚኒባስ እንዳያመልጣቸው ብድግ አሉ። ሐጂ ጉዳዩን አስታወሱ። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት የተካንኩበትን ቃል አወጣሁ፦

“የተከበራችሁ ሽማግሌዎች! ጉዳዩ ታላቅ ነው። ከዘመድ አዝማድ መመካከርን ይጠይቃል። ስለዚህ ይደርና ለእሑድ ተመለሱ።”

ሴት ልጅ ያለው አባት በአንድ ጊዜ እሺ አይልም፤ ይህ ወግ ነው፤ ሽማግሌም ተመላልሶ ነው የሚሳካለት። ስለዚህ ማንም አልተቀየመም።

“በስንት ሰዓት?” አሉ መሪጌታ።

“በአስር ሰዓት።”

“ከአስር ትንሽ ቀደም ብንልስ?” አሉ ጋሽ ብሩ። “ባለፈው ክፍል የሚለው እንዳያመልጠን።”

በሁለተኛው እሑድ ከአስር ሰዓት በፊት ደርሰው ጫማቸውን አወለቁ። በር ላይ የቆመ አልነበረም። ሐጂ ጥጉን፣ መሪጌታ መካከሉን፣ ጋሽ ብሩ ለማልቀስ እንዲመቻቸው ዳሩን ያዙ። ሲያልቅ ምክክሩ ገና እንዳልተጠናቀቀ አስታወቅኳቸው። እውነት ነው፤ ያማከርኩት ዘመድ አልነበረም፤ ስላልተጀመረ አልተጠናቀቀም።

በሦስተኛው እሑድ መብራት ጠፋ። ጉሙ ወርዶ ሳሎኑ ድንግዝግዝ ብሏል። አራት ትልልቅ ሰዎች የጠፋ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠን ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥን።

“እንግዲህ…” አሉ መሪጌታ በመጨረሻ፣ “መብራትም ከሌለ፣ ስለ ልጆቹ ጉዳይ እንነጋገር ይሆን?”

ሁላችንም ደነገጥን። ሰው ቤት ሄደው ያልተገባ ነገር የተናገሩ ይመስል መሪጌታን አየናቸው። ያተረፉን ሐጂ ናቸው።

“በጨለማ የተሰጠ ቃል በረካ የለውም” አሉ።

“ደግ ተናገሩ!” አልኩ። “መብራት ባለበት ይታይ።”

ቀጠሮው ታደሰ። ይህንንም በደብተሬ ላይ፣ “በኤሌክትሪክ መቋረጥ ምክንያት ጉዳዩ ሳይታይ ቀርቷል” ብዬ መዘገብኩ። መዝገብ የሚይዝ ሰው ቢያረጅም መዝገብ ይይዛል።

በአራተኛው እሑድ ሐጂ ከኮምቦልቻ ሙዝ ይዘው መጡ። በአምስተኛው የነርሚን አባት ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎባት ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

“ምን ዓይነት አባት ነው ይሄ? ልጁ ስትጠወልግ አያይም እንዴ?”

“አንዳንድ አባት አያይም” አለች ጽናት፣ ሻዩን እያስቀመጠች።

“ዐይኑን ምን ጋረደው?”

“ቴሌቪዥን ይሆናል።”

“ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም” አልኳት። ሳልዘል የተከታተልኩት ስለሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሽማግሌዎቹን ሸኝቼ ስመለስ ጽናት ማድ ቤት ቆማ ታለቅሳለች። ልቤ ተነካ። ልጄ ሆደ ቡቡ ናት፤ ሆዷ እንደ እኔ ነው። ትከሻዋን አቀፍኳት።

“አይዞሽ የኔ ዓለም። ነርሚን ታገባዋለች፤ አታልቅሺ።”

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ እርጥብ ነው።

“እኔስ አባዬ?” አለች።

እውነቱን ልጻፈው፤ ሻይ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቅኳት። ይህን የሰማችው ሰርካዲስ ሳሎን ወስዳኝ በሩን ዘጋችው።

“አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ! ልጁን ፋብሪካው ለሁለት ዓመት ሐዋሳ ሊያዛውረው ነው። አብረው ሊሄዱ ነው የፈለጉት። ሁዳዴ ሊገባ ሦስት እሑድ ቀረው። ከዚያ ወዲያ ሰርግ አለ? እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትቀራለች። ልጁን ጠልተኸው ነው?”

“ኧረ ልጁስ ወርቅ ነው!”

“ቤተሰቡን?”

“ሐጂ ጀላል ያሳደጉት ልጅ ምን እንከን ይወጣለታል?”

“ታዲያ ምን እየጠበቅህ ነው?”

ይህን ጥያቄ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ባለጉዳይ እንደጠየቀኝ ቆጥሬው አላውቅም። የምጠብቀው ነገር እንደሌለ ያወቅኩት ግን ያን ዕለት ነው። ሽማግሌዎቹ መልስ ካገኙ አይመለሱም። እኔ እየጠበቅሁ የነበረው እንዳይሄዱብኝ ነው። ለሚስቴ ግን እንዲህ ብዬ አልመለስኩም፤ “በሚቀጥለው እሑድ ፋይሉ ይዘጋል” አልኳት በኩራት።

በስድስተኛው እሑድ ሸሚዜን ቀይሬ፣ “ሰጥቻለሁ” የሚለውን ቃል መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ተለማምጄ ቀረብኩ። ምን ያደርጋል! ድራማው ሊያልቅ ሲል የነርሚን አባት ሽጉጥ አወጣ። ታሪቅ ላይ ደገነ። ጣቱን ምላጩ ላይ አደረገ። አለቀ። ስም ዝርዝሩ መውረድ ጀመረ።

“አላሁ አክበር!” አሉ ሐጂ።

“ተኩሶ ነው ሳይተኩስ ነው ያለቀው?” አሉ ጋሽ ብሩ።

እስቲ ፍረዱኝ። በዚህ መካከል የማን ልብ በቦታው ሆኖ ስለ ጋብቻ ይነጋገራል? ሐጂ ዞር ብለው፣ “የእኛስ ጉዳይ?” ሲሉኝ አፌ የለመደውን ተናገረ፦

“ይደር።”

ጽናት በሩ አጠገብ ቆማ ሰማችኝ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ሰብስባ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳምንቱን ሙሉ ቃል አልተነፈሰችልኝም። የፈራሁት ሽጉጡን አይደለም፣ ያንን ዝምታ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ምን ሲደረግ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ጽናት ለወንድምአገኘሁ ደውላ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ምስኪን ልጅ፣ ሽማግሌዎቹ በየእሑዱ ፊታቸው በርቶ፣ “አብሽር፣ ጉዳዩ በጥሩ ሂደት ላይ ነው” እያሉ ሲመለሱ እኔ አስቸጋሪ ሰው ሆኜበት ነበር። ሲሰማ ሳቀ ይባላል። ከዚያ ሰፊ ቴሌቪዥን ተሸክሞ ሐጂ ጀላል ቤት ገባ፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኘው። የነርሚን ታሪክ እዚያ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ መቶ አሥራ ሁለቱም ክፍል፣ በአማርኛ፣ ሰዓት ሳያስጠብቅ ተቀምጦ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከዚያ ቤት አልወጡም። ሐጂን ከሁሉ በላይ የገረማቸው ነገር ሌላ ነው። ለሰው ሁሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፦ “ወላሂ እላችኋለሁ፣ ሶላት ሲደርስ አቁመነው ሄድን። ሰግደን ስንመለስ ነርሚን አፏን እንደከፈተች ቆማ ጠበቀችን!”

ይህን ሁሉ ሳላውቅ በሰባተኛው እሑድ ማለዳ፣ ገና አንድ ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ጋቢዬን ደርቤ ስከፍት ሦስቱም ተደርድረው ቆመዋል። ፊታቸው የሽማግሌ ፊት ነው፤ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

“ምነው በጠዋት? ግቡ፣ ተቀመጡ!”

“ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ሐጂ።

“ድራማው እኮ አስር ሰዓት ነው።”

“ጨርሰነዋል።”

“ምኑን?”

“ነርሚንን።”

ሠላሳ አንድ ዓመት ባለጉዳይ ስሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተሸኝቼ አላውቅም። “ያለ እኔ?” አልኩ። ሽማግሌዎቹ አላፈሩም።

“ታሪቅስ? ተረፈ?”

“መጀመሪያ የእኛን ይመልሱልን” አሉ መሪጌታ፣ ቤት በሚሞላው ድምፃቸው። “ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ሰባተኛችን ነው።”

“ጋሽ ብሩ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩኝ።”

ጋሽ ብሩ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሐጂ በምርኩዛቸው እግራቸውን ነካ አደረጓቸው።

“የታሪቅን ከመልሱ በኋላ እንነግርዎታለን” አሉ ሐጂ። “የአባትየውን ግን አሁን ልንገርዎት። ብቻውን ቀረ። ያ ሁሉ ክፍል ባለበት ቤት፣ አንዲት ወንበር ላይ፣ በር በሩን እያየ። የሚመጣለት የለም።”

ከመጋረጃው ጀርባ የጽናት እግር ይታየኛል። በልጅነቷ ዜና ሰዓት ጭኔ ላይ ትቀመጥና የአየር ትንበያውን ጨርሳ ትተኛ ነበር። ያ እግር አሁን ሊሄድ ተነሥቷል፤ እኔ ደግሞ በር ላይ የተጋደምኩ ግንድ ሆኛለሁ። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ።

“ሰጥቻለሁ” አልኩ። “እግዚአብሔር ይባርካቸው። ሰጥቻለሁ።”

ሰርካዲስ እልልታዋን አቀለጠችው። ጽናት ከመጋረጃው ወጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። መሪጌታ መረቁ፣ ሐጂ ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሜን፣ አሚን አልን። ከዚያ በኋላ ነው የጠየቅኩት፤ ልጁን የታሪቅን መትረፍ ለማወቅ ሲል ሰጠ የሚሉ ሐሜተኞች ስላሉ ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ። ምርቃቱ ሳያልቅ አልጠየቅኩም። አሚኑ ላይ ነው የጠየቅኩት።

“ተርፏል” አሉ ጋሽ ብሩ፣ እያለቀሱ።

ሰርጉ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት በነበረው እሑድ ሆነ። ልጆቹ ሐዋሳ ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ አስር ሰዓት ላይ ዳንቴሉን ገለጥኩ፤ ነርሚን መጣች፤ ጥይት የሳተው ታሪቅም መጣ። እኔ የሚሆነውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ጥጉ ባዶ ነው፣ ዳሩም ባዶ ነው። ቆሎውን ለብቻዬ ስቆረጥም ድምፁ ራሴን ረበሸኝ። ሰርካዲስ ስልኳን ይዛ ከበሩ ትይዩ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ያቺን የነርሚን አባት ወንበር አስታወስኩ።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሽማግሌ መላክ!

ልብስ ሰፊውን ሙዓዊያንና የሰፈራችንን እድር ዳኛ አቶ ይመርን ለመንኩ። መልእክቱንም በጽሑፍ አዘጋጀሁላቸው፦ “ሐጂ ጀላል፣ መሪጌታ ሸዋዓለምና ጋሽ ብሩ፣ በእሑድ ከሰዓት ቀድሞ የነበረው ወዳጅነታችን ፀንቶ እንዲቀጥል፣ ወደ ደሴ መጥተው አብረውኝ ድራማ እንዲያዩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።” ሰርካዲስ አነበበችውና፣ “በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም” ብላ ብቻ መለሰችልኝ። ትርጉሙ ያኔ አልገባኝም።

ሄዱ። ሲመሽ ተመለሱ።

“ምን አሉ?”

“ጉዳዩ ታላቅ ነው አሉ” አለ ሙዓዊያ። “ይደርና ለእሑድ ተመለሱ ብለውናል።”

ወግ ነው ብዬ ታገስኩ። በሁለተኛው እሑድ ሄደው ያንኑ ቃል ይዘው መጡ። በሦስተኛውም ያው። አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም። ሁለቱም ፊታቸው በርቷል፤ የሙዓዊያ ዐይኖች ደግሞ ቀልተዋል።

“ምነው፣ አልቅሰሃል?”

“የሐረጎ ጉም ነው” አለና መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ባለጉዳይ ያየ ሰው አይታለልም። በአራተኛው እሑድ እኔው ራሴ የራሴ ሽማግሌ ሆኜ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ አብሬያቸው ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፤ ጋቢው አላበኝ። የሐጂ ጀላል ሳሎን በር ላይ ስደርስ ግድግዳውን ግማሽ የያዘ ቴሌቪዥን አየሁ። ከፊቱ መሪጌታ፣ ጋሽ ብሩና ሌሎች አምስት የማላውቃቸው አዛውንቶች ተደርድረዋል። ሙዓዊያና አቶ ይመር ምንም ሳይሉ ገብተው የለመዱት ቦታ ላይ ተቀመጡ።

እኔ በር ላይ ቆምኩ። ክብሬን ሰብስቤ፣ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!” አልኩ።

ሐጂ ዘወር እንኳ አላሉም። “አቶ አግማስ፣ ምን ያቆምዎታል? ይቀመጡ እንጂ። ይቺ ልጅ ወንድሟ የአባቷን ቤት ነጥቋት ነው።”

“ታላቅየው ነው ታናሽየው?”

“ታናሽየው! ያውም አስተምራው!”

“አይ ሰው!” አልኩና ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ መጣ። ቆሎ መጣ። ሦስት ክፍል አየን፤ መካከል ላይ ሐጂ ለሶላት ተነሡ፣ ልጅቷም አፏን እንደከፈተች ቆማ ጠበቀቻቸው። እኔ ራሴ በዐይኔ አየሁ። ጋሽ ብሩ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ ሰርካዲስ ደወለች።

“እህ፣ ምን አሉህ?”

“ጉዳዩ ይደር ብለውናል” አልኳት። “ለእሑድ ቀጥረውናል።”

“ስንት ሰዓት?”

“በፈለግነው ሰዓት።”